ቴፑ ሲጣል ድምፁም አብሮ እንዳይጣል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን በቃልና በጽሑፍ መካከል የሚቆም አንድ ሦስተኛ ነገር እንዳለ፣ ይህ ምሳሌ በተነገረበት ዘመን አልታወቀም ነበር። ይኸውም ከሰው አፍ ወጥቶ በሸክላ ላይ የተቀረጸው፣ በካሴት ክር ላይም የተቀዳው ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ እንደ ጽሑፍ ፊደል የቈጠረ ሁሉ የሚያነበው አይደለም። እንደ ቃልም ከአፍ ወደ አፍ አይተላለፍም። የሚያናግረው መሣሪያ ሲያገኝ ይናገራል፤ መሣሪያው ሲጠፋ ግን ዲዳ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ስለ ድሮ ድምፅ ማጫወቻዎች ለመጻፍ የተነሣንበት ምክንያት ይኸው ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

ወጣት አንባቢዎቻችን ወላጆቻቸውን ወይም አያቶቻቸውን ቢጠይቁ፣ ስለ እነዚህ ዕቃዎች ብዙ ይነግሯቸዋል። እንደ ቁም ሣጥን በእንጨት የተሠራው ራዲዮ ግራሞፎን ባለበት ቤት፣ ከሳሎኑ የክብሩ ስፍራ የእርሱ ነበር። የእጅ ሥራ ዳንቴል ይለብስ ነበር፤ ሕፃን እንዳይነካውም ይጠበቅ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ድምፁ ወዲያው አይመጣም። በውስጡ ያሉት እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች እስኪሞቁ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ያስፈልግ ነበር። ሸክላው ከልባሱ ወጥቶ፣ አቧራው በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ፣ መርፌው በቀስታ ሲቀመጥበት በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለተኛውን ለመስማት አንድ ሰው ተነሥቶ መገልበጥ ነበረበት።

ቀጥሎም ቴፕ መጣ። የቴፕ ዘመን ልጆች ክሩ የተላላባቸውን ካሴት በእስክሪብቶ እያዞሩ መጠቅለልን ያውቃሉ። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ድምፁን እየጎተተ መዝፈን ይጀምራል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይወጣና ጥቂት ኃይል እንዲያገኝ ተብሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቴፑ ካሴት ሲበላ ደግሞ ክሩን ሳይበጥሱ ከጥርሱ ለማውጣት የሚደረገው ጥንቃቄ የእሾህ አወጣጥን ያህል ነበር። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ዛሬ ሲያስታውሱት ፈገግ ይላሉ፤ ከፈገግታቸውም ጋር ናፍቆት አለበት።

ናፍቆት መልካም ነገር ነው። ሆኖም እውነቱን መሸፈን የለበትም። የድሮው መሣሪያ ከባድ ነበር፤ ውድም ስለ ነበር በአንድ መንደር ውስጥ ባለቤቱ ጥቂት ሰው ነበር። ሸክላ ይጫጫራል፤ ሲወድቅ ይሰበራል። ካሴትም ከዘፈኑ ሥር የማያቋርጥ የፉጨት ድምፅ ያሰማል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ከሚሆን ዜማ በላይ አይዝም ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ በኪሱ የሚይዘው ስልክ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ዘፈኖችን ይሸከማል። ስለዚህ ያለፈ ነገር ሁሉ ከዛሬው ይሻላል ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚናፈቀው እንጨቱና ሽቦው ሳይሆን፣ ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው አንድን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሞና የሚሰሙበት ልማድ ይመስለናል።

ይህ ናፍቆት የእኛ ብቻ አይደለም። ቴክኒክስ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1972 ያወጣውን ኤስ ኤል 1200 የተሰኘ ሸክላ ማጫወቻ በ2010 መሥራት አቁሞ ነበር። ፈላጊው ግን ስላልጠፋ በ2016 በአዲስ መልክ መልሶ ለገበያ አቅርቦታል። በአሜሪካ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ሲሆን፣ የሲዲው ቍጥር 33 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሲዲ በ1982 ብቅ ሲል ሸክላን ለዘለዓለም ይቀብረዋል ተብሎ እንደ ነበር ስናስታውስ ነገሩ ያስገርማል። ነገር ግን ባለጸጋው ዓለም ናፍቆቱን በገንዘቡ ሊገዛ ይችላል፤ ለታወቀ ዘፈን አዲስ ሸክላ ማሳተም አያቅተውም። በአንድ ድኻ ቤት ሣጥን ውስጥ ያለች አንዲት ካሴት ግን ሁለተኛ የላትም። የእኛ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው።

የተቀዳ ድምፅ ምን ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እናምጣ። ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ የሠራው በ1877 ነው። ከዚያ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በዚሁ መሣሪያ ቀርጻ ላከች። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው ምላሽ ሰጡ። የንግሥቲቱ ቃል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር ዛሬ የለም። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ በመቈየቱ፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ልንሰማው ችለናል። ሁለቱም ድምፆች የተቀረጹት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አንዱ መጠበቁ፣ ሌላው መጥፋቱ ብቻ ነው።

ከዚያም ወዲህ ያለውን እንመልከት። አቶ አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ስለ ነበር ትልቅ ድፍረት ነበር። እስከ 1975 ድረስ አቶ አምኃ፣ ከእርሳቸውም ቀጥለው የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት፣ ያሳተሟቸው ሸክላዎች የዚያን ዘመን የአዲስ አበባን ድምፅ ይዘው ቈይተዋል። ሸክላው ከገበያ ጠፍቶ ካሴት ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን፣ ብዙ ሰው አሮጌውን ሸክላ እንደ ተሰበረ ሳሕን ቈጠረው። ከዓመታት በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ በፈረንሳይ አገር መታተም ሲጀምር፣ ዓለም ያደነቀው እኛ በቆጥ ላይ የጣልነውን ድምፅ ነበር።

የካሴትም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ በአገር ቤት ከተሰማ በኋላ ጊዜው አልፎበት ተረሳ፤ ሙዚቀኛውም በአሜሪካ ታክሲ እየነዳ ይኖር ጀመር። በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አንዷን ቅጂ ገዝቶ ሰማት፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አገኘው። ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ መርጊያም ዳግመኛ በየአገሩ መድረክ ላይ ለመቆም በቃ። ያቺ ካሴት ባሕር ዳር ላይ ባትተርፍ፣ ወይም የሚያጫውታት ቴፕ ባይገኝ፣ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታወቁ ሰዎች ነው። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ስም የሌላቸው ካሴቶች ናቸው። ካሴት በአገራችን ዘፈን መስሚያ ብቻ አልነበረም፤ ደብዳቤም ነበር። ወደ ሱዳን፣ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ማንበብ ለማትችል እናቱ ድምፁን ቀድቶ ይልክላት ነበር። እርሷም ጎረቤት ሰብስባ ሰምታ፣ በሌላው ገጽ መልሷን ቀድታ ትልክለታለች። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የሽማግሌው ተረት፣ የአዝማሪው ግጥም፣ የመምህሩ ትርጓሜ ሁሉ በካሴት ተቀድቷል።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጃችን ያጫወተንን እንንገራችሁ። አያቱን ሊጠይቅ ወደ አገር ቤት በሄደ ጊዜ፣ በአልጋ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አገኘ። በውስጡ 11 ካሴቶች ነበሩ፤ በሁለቱም ላይ በአባቱ የእጅ ጽሑፍ «ለእናቴ» ይላል። አባቱ በሰው አገር ሳሉ የሞቱት እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ነበር፣ ድምፃቸውን አያውቀውም። ቴፑ የት እንዳለ አያቱን ቢጠይቃቸው፣ «አሮጌ ነው ብለው ልጆቹ ለቆራሌው ሰጡት፤ እኔስ ምን አውቄ» አሉት።

ካሴቶቹን ይዞ አዲስ አበባ ተመለሰና፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ መርካቶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቴፕ ሠሪ አገኘ። «ጋሼ፣ ይህችን ብቻ እንድሰማት ያድርጉልኝ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ አትቸኩል፤ ሠላሳ ዓመት የተኛን ክር በአንድ ጊዜ ቀስቅሰህ ብታስሮጠው ይበጠስብሃል» አሉት። ከዚያም አንድ አሮጌ ቴፕ ከመደርደሪያቸው አውርደው፣ የቀለጠውን የጎማ ገመድ ለወጡለት፤ የማንበቢያውን ራስ በአልኮል ጠረጉት፤ ክሩንም በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ወዳጃችን ቴፑን ገዝቶ፣ ሳይሰማው ወደ አያቱ ይዞት ሄደ።

የመጀመሪያው ካሴት ተናገረ። አባትየው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሥራቸው ተናግረው ሲያበቁ፣ «እማዬ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ?» ብለው ጠየቁ። አሮጊቷም ወደ ቴፑ ጠጋ ብለው፣ «ወለደች ልጄ፤ ወለደች» አሉ። ሁለተኛው ካሴት ግን፣ «እንደምን አለሽ እማዬ፣ ዛሬ የምነግርሽ» ካለ በኋላ ጠቅ ብሎ በላዩ ላይ የገበያ ዘፈን መጣ። ከቤተ ሰቡ አንዱ ባዶ መስሎት ቀድቶበት ኖሯል። ዘፈኑ በማናቸውም ሥፍራ የሚገኝ ነው። ያ ሰው ለእናቱ ሊነግራት የፈለገውን ግን ከእንግዲህ ማንም አያውቀውም።

አንባቢ ሆይ፤ ለመሆኑ ካሴትን ለማዳን መሣሪያው ለምን ያስፈልጋል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ድርጅት በ1963 ያወጣው ካሴት በውስጡ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ የፕላስቲክ ክር አለው። በክሩም ላይ እንደ ዝገት ያለ የብረት ዱቄት በማጣበቂያ ተለጥፏል። ድምፁ የተጻፈው በዚህ ዱቄት ላይ በማግኔት ኃይል ነው። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እየተጓዘ በማንበቢያው ራስ ፊት ካላለፈ በስተቀር ምንም አይናገርም። የአንድ ሰዓት ካሴት 86 ሜትር ያህል ክር ይዞ በሁለት ገጽ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ይሰጣል። ማጣበቂያው በእርጥበትና በሙቀት ይበላሻል፤ ማግኔት ያለበት ነገር አጠገቡ ሲቀመጥም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ይመጣል፦ በአንድ ወገን ክሩ ያረጃል፣ በሌላው ወገን አንባቢው ይጠፋል። ለምሳሌ ሶኒ በ1979 ያወጣውንና ዓለምን ያዳረሰውን ካሴት የሚያጫውት ዎክማን በጃፓን መሥራት ያቆመው በ2010 ነው።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር በ2019 ባሰማው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2025 ገደማ በኋላ ማጫወቻ መሣሪያ፣ መለዋወጫና ዐዋቂ ሠራተኛ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ገልጾ ነበር። ቀኑ ደርሷል። የመርካቶው ሽማግሌ የያዙት ዕውቀትም በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን በጣታቸው ላይ ያለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ናፍቆት ብቻውን ሥራ አይደለም። በበኩላችን ጥቂት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን።

አስቀድመን ለተማሪዎች እንናገር። ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ ካሴትና ሸክላ እንዳለ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ እነርሱን ሰብራችሁ ብታወጡ ሌላ ሰው በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ቢደረግ ኖሮ የወዳጃችን አባት ሁለተኛ ደብዳቤ ባልጠፋ ነበር። ካሴቶቹን ከመኪና ሙቀት፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡ። ከሁሉም በላይ፣ በካሴቱ ላይ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ የት፣ መቼ እንደ ተቀዳ ታላላቆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስም የሌለው ድምፅ ግማሽ ድምፅ ነውና።

ቀጥሎም ወደ ኮምፒዩተር ገልብጡት። ባለሙያዎች የሚመክሩት ድምፁን ሳያጭቁ፣ ቢያንስ በሴኮንድ 48 ሺህ ናሙናና በ24 ቢት መቅዳትን ነው። በዚህ አኳኋን የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል፤ ዛሬ ይህ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጊዜው ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈልጋል፤ ማቋረጫ መንገድ የለውም። መቶ ካሴት ያለው ሰው በየእሑዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ 50 እሑድ ይፈጅበታል። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። አንድ ክፍል ተማሪዎች ተባብረው አንድ ደኅና ቴፕ ቢገዙ፣ ሥራው በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል። ሲያልቅም ቅጂው ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ፤ ዋናው ካሴትም አይጣል።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የተለየ አደራ አለን። በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ውስጥ የስብሰባ፣ የንግግር፣ የገበሬዎች ቃለ መጠይቅ የተቀዳባቸው የጥቅልና የካሴት ክሮች ይገኛሉ። አንድ ቀን፣ አገልግሎት የማይሰጡ ዕቃዎች ተዘርዝረው በጨረታ እንዲወገዱ የሚጠይቅ ወረቀት ከጠረጴዛችሁ ይደርሳል፤ በዝርዝሩም ውስጥ «ቴፕ ሪከርደር፣ አሮጌ፣ 1» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «በዚህ መሣሪያ የሚነበብ ክር በቤቱ አለ ወይ?» ካለ፣ መጀመሪያ ክሩ ይገልበጥ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይወገድ። ቴፑ በብረትነቱ የሚያመጣው ዋጋ ጥቂት ብር ነው። ያለ እርሱ ዲዳ ሆኖ የሚቀረው መዝገብ ግን በማናቸውም ገንዘብ አይተካም።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። እንዲሁም ካሴት ለዓለም በታየበት በዚያው በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎ ይገኛል። ለአገር ታሪክ የሚጠቅም ድምፅ ያለው ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ክር በግምጃ ቤቱ ያገኘ መሥሪያ ቤት፣ ከመጣሉ በፊት እነዚህን ቢያማክር መልካም ነው።

ድሮ ቀረ እያልን ማዘን የሽማግሌ ድርሻ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። ይህን ሥራ ግን የሽማግሌ ጆሮና የወጣት እጅ በአንድነት ካልያዙት አይፈጸምም። ድምፁን የሚለዩት እነርሱ ናቸው፤ መሣሪያውን የምታንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁ። ሁለታችሁም በአንድ ዘመን የምትገናኙበት ጊዜ ረጅም አይደለም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደ ተባለው፣ በዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን ካርቶን ከአልጋ ሥር አውጥታችሁ አቧራውን እንድትጠርጉ እናሳስባለን።